መግቢያው ይስፋ

የታሪክ መጽሐፍ መግቢያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እኔ አላወጣሁም። ዋሽቶ ያወጣ ካለ ያውርድ፤ እዚህ የምንጫወተው በእውነት ነው። መግቢያ ማለት አንባቢ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የወረቀት ጥቅል ነው። ደራሲው ግን ይህን አያውቅም። ደራሲው መግቢያውን ሊጽፍ ሲቀመጥ ከረባት ያስራል።

አንዱ ገና ሲጀምር ይቅርታ ይጠይቃል። «ስህተት ቢገኝ የእኔ ነው» ይላል፤ የማን ሊሆን ኖሯል? የጎረቤቱ? ሌላው መጽሐፉን ሲጽፍ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ ይተርክልናል። እኛ የገዛነው ስለ ድሮ ሰዎች ልናነብ እንጂ ስለ እሱ እንቅልፍ ልናነብ አይደለም፤ ደግሞ እንቅልፉን አጥቶ የጻፈው እኛን ሊያስተኛን ነው። ከሁሉ የከፋው ስለ አንድ መንደር ሊጽፍ ተነስቶ ምድር ከፀሐይ ተገንጥላ ስትቀዘቅዝ የሚጀምረው ነው። መንደሩ ላይ እስኪደርስ አንባቢው ራሱ ይቀዘቅዛል።

ይህን ሁሉ ንቀት ከየት አመጣኸው ብትሉኝ ከሥራ ልምድ ነው። ሁሉንም ዓይነት ጽፌያለሁ። የጻፍኩትም ለአንድ መጽሐፍ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ ሚስት አገባለሁ ብዬ።

ያኔ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ስለ አውቶብስ ሰልፍ አጭር አስተያየት ለጋዜጣ ልኬ ወጣልኝ። ግማሹን ቆርጠውታል፤ ስሜንም አሳስተው ነው ያተሙት። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ እኔ «ደራሲው» ሆንኩ። የለቅሶ ማስታወቂያ የሚጻፈው በእኔ ነው፤ ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። ቀስ በቀስ ራሴም አመንኩ። አረማመዴ ሁሉ ተለወጠ፤ አንገቴን ዘንበል አድርጌ እያሰብኩ የምሄድ ሆንኩ። በዚህ የተነሳ ስንት አውቶብስ አመለጠኝ፤ አውቶብሱ ደራሲ አይጠብቅም።

በሰፈራችን አቶ ዘውገ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ያያቸው ሰው የለም። እሳቸው ደግሞ «ታሪክ ጸሐፊው» ናቸው። የኮልፌን ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ እየጻፉ መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም። ሰው ያከብራቸዋል፤ ይፈራቸዋልም፤ ያስቀየማቸውን ሰው መጽሐፉ ውስጥ ክፉ አድርገው ያስገቡታል ተብሎ ይታመናል። የሕብረት ሱቁ ሻጭ ለሁላችንም ስኳር ሲመዝን እጁ ይከብደዋል፤ ለእሳቸው ሲሆን ግን ሞልቶ፣ ሚዛኑን ሁለቴ አሳይቶ ነው። ነገ ስሙ እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ ምን ያውቃል? «መጽሐፉ የት ደረሰ፣ ጋሼ?» ሲባሉ «እየተገባደደ ነው» ይላሉ። እኔ ሰፈሩ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ እየተገባደደ ነበር።

እኔን የሳበኝ ግን መጽሐፉ ሳይሆን ልጃቸው ሰናይት ናት። ሰናይት ታይፒስት ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ቤት ባለው አሮጌ ታይፕ የሰፈሩን ማመልከቻ ትመታለች። ጠዋት ጠዋት አውቶብስ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን። ከሰላምታ አልፈን ስለ ካርቦን ወረቀት መጥፋት፣ ስለ ሳሙና መጥፋት እናወራለን። በዚያ ዘመን ወንድና ሴት ስለ ጠፋ ዕቃ ረዘም አድርገው ካወሩ ነገሩ ከፍቅር ይቆጠር ነበር። ቢያንስ እኔ ቆጠርኩት፤ ቆጥሬም ሽማግሌ ላክሁ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ መንገሻ ነበሩ። ጎጃም ተወልደው ኮልፌ ያረጁ፣ አንደበተ ርቱዕ የሚባሉ ሰው ናቸው። እሳቸው መናገር ሲጀምሩ ሰው የሚያየው ሰዓቱን ሳይሆን ቀን መቁጠሪያውን ነው። ስለ ሰናይት የሚሉትን ግን ለእሳቸው አልተውኩም። ደራሲ አይደለሁ? «ተወዳዳሪ የሌላት፣ ቁም ነገር ያዘለች፣ ለትውልድ የምትተርፍ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ እንደ ዳዊት ሸመደዱት።

እንደ ወጉ በጠዋት ሄደው ደጅ ቆሙ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ከዚያ አቶ መንገሻ ከአዳምና ከሔዋን ጋብቻ ተነሱ። ኖኅ ላይ ሲደርሱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግድግዳ ተደገፈ። ሰናይት ጋ ሲደርሱ አቶ ዘውገ ራሳቸው ደክሟቸው ተቀምጠዋል። የሴት አባት እንዲህ ባለ ጊዜ «ከዘመድ ላማክርና ተመለሱ» ነው የሚለው። አቶ ዘውገ ግን ባርኔጣቸውን አስተካከሉና፣

«ልጁ ደራሲ ነው አሉ» አሏቸው።

«እንዴታ» አሉ አቶ መንገሻ።

«እንግዲያው ለመጽሐፌ መግቢያ ይጻፍልኝ። መግቢያው ካማረ በጋብቻው እንነጋገራለን።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሲመጡ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሌላው አማች የሚሆን ሰው በግ ሲጠየቅ እኔ ሁለት ገጽ ወረቀት ተጠየቅሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሠርግ የምደግስ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ አቶ ዘውገ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መግቢያውን ለመጻፍ መጽሐፉን ባነበው ጥሩ ነበር።»

«ለምን?»

«ምን እንዳለበት ለማወቅ ነዋ።»

«ምን እንዳለበት እኔ አውቃለሁ፤ ይበቃል። የሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ጓዳውን ነው እንዴ? ሳይታተም የታየ ታሪክ ይሰረቃል። አንተ መግቢያውን ጻፍ።»

አማት ሊሆኑኝ ያሉ ሰው ናቸውና አልተከራከርኩም። ያላየሁትን መጽሐፍ ላስተዋውቅ ቁጭ አልኩ። ይህ ነገር እንግዳ አይሁንባችሁ። መግቢያ የሚጽፉ ታላላቅ ሰዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ልዩነታችን እነሱ መጽሐፉ ተሰጥቷቸው ነው ያላነበቡት።

የመጀመሪያውን በትሕትና ጻፍኩት። «ይህን የሚያህል ታላቅ ሰነድ ለማስተዋወቅ እኔ ማን ነኝ?» ብዬ ጀመርኩና ብዕሬ ደካማ፣ ዕውቀቴ አነስተኛ፣ ዕድሜዬ ለጋ መሆኑን እስከ ታች አወረድኩት። ሰናይት በታይፕ መትታ አሳምራ ሰጠችኝ። አቶ ዘውገ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ቀና አሉ።

«እዚህ ላይ ‹እኔ ማን ነኝ› ብለሃል።»

«አዎ ጋሼ፣ ለትሕትና ነው።»

«ማን ጠየቀህ? ሰውየው ስለ ኮልፌ ሊያነብ ነው የመጣው። አንተ በር ላይ ጠብቀህ አላውቅም፣ አልችልም፣ ደካማ ነኝ ትለዋለህ። ያምንሃል እኮ። ያምንህና መጽሐፉን አስቀምጦ ይሄዳል።» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ደግሞ ምንም አልችልም ብሎ በታይፕ ያስመታ ሰው ልጄን ይጠይቃል።»

በዚህ ተናደድኩና ሁለተኛውን በዕውቀት ላጥለቀልቀው ተነሳሁ። ከመሥሪያ ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ ተሸክሜ መጣሁ። ባሕሩ ሸሽቶ የብሱ ሲገለጥ ጀመርኩ። እሳተ ገሞራ አፈነዳሁ፤ እንጦጦን ከመሬት አወጣሁ፤ ዳይኖሰሮችን በአስኮ በኩል ነድቼ ፈጀኋቸው። ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት። ኮልፌ በመጨረሻው ገጽ መጨረሻ መስመር ላይ «ከዚህ ሁሉ በኋላ» ተብላ ብቅ አለች። ሰናይት ወረቀቱን ስታስረክበኝ፣ «ዳይኖሰር በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር» አለችኝ። «አንተም አታውቅም መሰለኝ፤ በየገጹ ሌላ ዓይነት ጽፈኸዋል። የመጀመሪያውን መርጬ ሁሉንም አስተካክዬዋለሁ።»

አቶ ዘውገ ገጹን እያገላበጡ፣ «ኮልፌ የታለች?» አሉ።

«ትመጣለች ጋሼ፤ መጨረሻው ላይ ናት።»

«ከአስኮ ጦር ኃይሎች ለመሄድ ሰው በጎንደር ይዞራል እንዴ?»

ተስፋ ቆረጥኩ። ሽማግሌዎቼ በየመንገዱ «የት ደረስክ?» ይሉኛል። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ አንድ የጋራዥ ባለቤት ስለ ሰናይት መጠየቅ ጀምሯል የሚል ወሬ ደረሰኝ። ይህ ሰው መጻፍ ይቅርና ፊርማው ራሱ ቅባት ነው፤ ግን መኪና አለው። ወሬውን በሰማሁበት ዕለት እህል አልበላልኝም። እንዲህ ስጨነቅ ለአቶ መንገሻ የጻፍኩት ወረቀት ረቂቁ ኪሴ ውስጥ ተገኘ። አየሁት። «ተወዳዳሪ የሌላት፣ ቁም ነገር ያዘለች፣ ለትውልድ የምትተርፍ።» ሴቲቱን ወደ ወንድ መለወጥ ብቻ ነው የቀረኝ። «ይህ መጽሐፍ ተወዳዳሪ የሌለው፣ ቁም ነገር ያዘለ፣ ለትውልድ የሚተርፍ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ የቀረውንም በዚያው መንፈስ ሞላሁት። እንዲህ ያለው ሙገሳ ለመጽሐፍም፣ ለሙሽራም፣ ለሚሸጥ በሬም ይሆናል፤ እንደየአስፈላጊነቱ ጾታውን ማስተካከል ነው።

ሰናይት መትታ ስትሰጠኝ ምንም አልተናገረችም። ከአድናቆት ነው ብዬ ተረጎምኩት። አቶ ዘውገ ግን አነበቡ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ያልታየ ነገር አደረጉ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሰ በራ ነበሩ።

«አሁን መጽሐፌን አወቅኸው» አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ሁሉ አላስለፈልፋችሁም ነበር። ለማተም ግን የቀበሌ ድጋፍ ያስፈልጋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በቀለ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ነበር፤ ማስታወሱን ግን ትቶታል። ጓድ በቀለ መግቢያውን አየና፣ «ይህ ጽሑፍ መደብ የለውም» አለ። ለመቀመጫ የፈለገ መስሎኝ ወንበር ላቀርብለት ነበር። ለካ የመደብ ትግል ማለቱ ነው። በራሱ ግን መወሰን ፈራና «ሕዝቡ ይየው» ብሎ ለእሑድ ስብሰባ አቀረበው።

የእሑድ ስብሰባ ማለት ለማታውቁት፣ ያልመጣ ሰው ስኳር የማያገኝበት ስብሰባ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይመጣል፤ መጥቶም ይተኛል። አጀንዳው «ስለ መግቢያው» ይላል። እኔ ተነሥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ግማሹ አዳራሽ ሲያንኮራፋ ሰማሁ፤ ተወዳዳሪ የሌለው የሚለው ላይ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ስጨርስ ጓድ በቀለ «በመግቢያው ላይ አስተያየት ያለው» ሲል ወይዘሮ አስካለ ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው እጃቸውን አወጡ። ወይዘሮ አስካለ የሴቶች ማኅበር ተወካይና የአቶ ዘውገ ጎረቤት ናቸው፤ የነቁት «መግቢያ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ነው። ስለ ቀበሌው የግቢ በር የሚወራ መስሏቸዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ መግቢያውን በሚመለከት ነው። መግቢያው ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ጤፍ የመጣ ዕለት ተጣብቀን ነጠላዬ ለሁለት ተቀዷል። አንዲት ነፍሰ ጡርም ነፍሷ ሊወጣ ነበር።»

አዳራሹ ነቃ። ከኋላ «እውነት ነው!» ተባለ። አንዱ «ጭቃም አለበት» አለ። ሌላው «አካሄድ» ብሎ ተነሥቶ መግቢያው ካልሰፋ ክረምት እንደማይወጣ አስረዳ። ጭብጨባ ሆነ። ያን ያህል ሕይወት በዚያ አዳራሽ ታይቶ አያውቅም። ጓድ በቀለ ለበላይ የሚልከውን ሪፖርት እየፈረመ ስለነበር ከአስተያየቱ ውስጥ የደረሰው «መግቢያው ጠባብ ነው» የሚለው ብቻ ነው።

«እንግዲህ ሕዝቡ ተናግሯል» አለ። «መግቢያው ሰፊውን ሕዝብ አያስገባም። ሰፊው ሕዝብ እንዲገባበት ሆኖ ይስፋ። የሚቃወም?»

ማን ይቃወማል? ስለ በሩ የሚያስቡት አልተቃወሙም፤ ስለ መጽሐፉ የማስበው እኔ ፈራሁ። በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ጓድ በቀለ ፈረመበት።

ሰኞ ጠዋት ወጣቶች ማኅበር ዶማና አካፋ ይዞ መጣና የቀበሌውን በር ከነምሰሶው ነቀለው። ጓድ በቀለ ሲደርስ በሩ መሬት ተጋድሟል።

«ማነው ይህን ያደረገ?»

«ጉባኤው ነው ጓድ። ቃለ ጉባኤው ይኸው።»

ፊርማውን አየ። ተሳስተን ነው ቢል በሙሉ ድምፅ የተሳሳተ ሕዝብ አለ ማለት ይሆናል፤ ያ ደግሞ አይባልም። «ጥሩ ሥራ ነው» ብሎ ገባ። አዲስ በር ለማቆም ሲሚንቶ አልተገኘም። የሰፈሩ ፍየል ሁሉ በሰፋው መግቢያ እየገባ የቀበሌውን ጎመን፣ ቀጥሎም ግድግዳ ላይ በዱቄት የተለጠፈውን ማስታወቂያ ይበላ ጀመር። ፍየሎቹን ያባረረ ግን የለም፤ ሰፊው ሕዝብ ይግባ እንጂ ፍየል አይግባ አልተባለም።

እኔም በበኩሌ የእኔን መግቢያ እንዳሰፋ ታዘዝኩ። ጥንታዊውን የጋርዮሽ ሥርዓት በኮልፌ ወንዝ ዳር አሰፈርኩ። ባላባቱን አመጣሁ፣ ጭሰኛውን አመጣሁ፣ አጋጨኋቸው። የሴቶች ማኅበር ገባ፤ የወጣቶች ማኅበር «እኛስ?» አለና ገባ። የሕብረት ሱቁ ሻጭ መጥቶ ሱቁ ከየትኛው አንቀጽ ቢሆን ይሻላል ብሎ አማከረኝ። ጓድ በቀለ የራሱን ስም በልኩ ብቻ እንዳስገባ ነገረኝ፤ ልኩ ግማሽ ገጽ ሆነ። የሰናይት ጣት አበጠ። «በዚህ ዓይነት አንባቢው ሳይገባ ይመሽበታል» አለችኝ።

በመሐል ሽማግሌዎቼን ለሁለተኛ ጊዜ ላክሁ። የጋራዡ ሰውዬ ዘመዶች ለዓውደ ዓመት አቶ ዘውገ ቤት ታይተዋል ስለተባለ ጊዜ አልነበረኝም። ወጥተው እስኪመለሱ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ጨረስኩት። አቶ መንገሻ ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ደስ የሚል ውሎ ነበር። ኮልፌ መጀመሪያ ከሰፈሩት አንዱ እኔ መሆኔ በሦስተኛው አንቀጽ እንዲገባ ተስማምተናል። አንተ ታስገባዋለህ።»

«ስለ ሰናይትስ?»

አቶ መንገሻ ወደ ባልደረቦቻቸው ዞሩ። ባልደረቦቻቸው ወደ መሬት አዩ።

«እሷ እንኳ አልተነሳችም» አሉ።

ምን ትሏቸዋላችሁ? ሽማግሌ አይሰደብም። ሻያቸውን ከፍዬ ወጣሁ፤ ያን ዕለት መግቢያ የሚባል ነገር ሁሉ ከነፈጠረው ሰው ቢጠፋልኝ ደስታዬ ነበር።

በመጨረሻ ጸደቀ። ጓድ በቀለ ራሱ «ማኅተሙን በታሪክ ጸሐፊው ቤት ተገኝቼ እመታለሁ» አለ፤ ቀበሌያችን መጽሐፍ መጨረሱን ለበላይ አካል አስቀድሞ ሪፖርት አድርጎ ነበር። ሽማግሌዎቼም በዚያው ጉዳዩን ሊቋጩ አብረው ሄዱ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር መግባቱ ወግ አይደለም፤ እኔ ግን የመግቢያው ጸሐፊ ስለሆንኩ ተጠርቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰናይት ከመጋረጃው ኋላ ነበረች። ነሐሴ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል።

ጓድ በቀለ ማኅተሙን አወጣና እፍ አለበት። «መግቢያው ጸድቋል። አሁን መጽሐፉን ያምጡልኝና አያይዤ ልምታበት።»

አቶ ዘውገ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «መጽሐፉማ አሁን ይጀመራል» አሉ።

«ምን ይጀመራል?»

«መጽሐፉ ነዋ። ይኸውና መግቢያ አገኘሁ። እስከ ዛሬ የቸገረኝ እሱ ነበር፤ በየት በኩል ልግባበት? ሌላው ሁሉ እዚህ አለ።» ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ገብቼ ማውጣት ብቻ ነው የቀረኝ።»

ጓድ በቀለ ማኅተሙን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። አቶ መንገሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ዘውገ፣ አንድ ገጽ እንኳ የለም?»

«ርዕሱ አለ። ቆንጆ ርዕስ ነው።»

ያፈረ ሰው ፈልጌ ፊታቸውን አየሁ፤ አላገኘሁም። አፍሬ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ያወደስኩት፣ ለትውልድ ያስተረፍኩት፣ ፍየል ያስገባሁለት መጽሐፍ ርዕስ ብቻ ነበር። አቶ መንገሻ ከሁላችንም ቀድመው ነቁና ቢያንስ አንዱ ጉዳይ እንዲተርፍ ብለው ጠየቁ።

«ታዲያ ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ አለች» አሉ አቶ ዘውገ።

መጋረጃው ተገለጠ። ሰናይት ወጥታ መሐል ቤት ቆመች። ሌላውን ሁሉ ትታ እኔን ነው ያየችኝ።

«ሽማግሌዎችህ እኔን ተወዳዳሪ የሌላት፣ ቁም ነገር ያዘለች፣ ለትውልድ የምትተርፍ አሉ፤ ከዚህ መጋረጃ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። የአባባን መጽሐፍ ደግሞ ተወዳዳሪ የሌለው፣ ቁም ነገር ያዘለ፣ ለትውልድ የሚተርፍ አልከው፤ በገዛ እጄ መታሁት። መጽሐፉ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። እኔንስ በምን አውቀኸኝ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። «በመጀመሪያ ደረጃ» አልኩ። አቶ መንገሻ እንኳ ሊያግዙኝ አልሞከሩም፤ የጻፍኩላቸውን ነው የሚያውቁት። ሰማዩ አጉረመረመ፤ ሰናይት «ልብሱ» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ጓድ በቀለ «መጽሐፉ ለበላይ አካል ሪፖርት ከተደረገ አለ ማለት ነው» እያለ ሲጀምር ተነሥቼ ተከተልኳት።

ከገመዱ ላይ ልብስ እያወረደች ነበር። ጠብታው መውረድ ጀምሯል። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆምኩ። አሁን ካልተናገርኩ የጋራዡን ሰውዬ ሠርግ መጥሪያ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሚያምር ቃል ፈለግሁ፤ አንድም አልነበረኝም።

«መጽሐፉ እንደሌለ ታውቂ ነበር» አልኳት። «ቢኖር የምትመቺው አንቺ ነሽ። ሰው አባትሽን ሲያከብራቸው ማየት ስለምትወጂ ነው ዝም ያልሽው።»

ልብስ ማውረዷን አላቆመችም።

«የእኔን ስህተት ስታርሚ አንዴ ብቻ ነው የነገርሽኝ፤ ሌላውን ዝም ብለሽ አርመሽዋል፤ እኔም የራሴ ጉብዝና መስሎኝ ነበር። ስትናደጂ ድምፅሽ ዝቅ ይላል። ቅድም ዝቅ ብሎ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከራሳችሁ በፊት የጎረቤት ታነሻለሽ። ይኼ የያዝሽው የወይዘሮ አስካለ ነጠላ ነው፤ መሐሉ ተሰፍቷል። የእናንተ አንሶላ እየራሰ ነው። ከዚህ በላይ ስላንቺ የማውቀው የለም።»

ዞር ብላ አየችኝ። ነጠላውን አጣጥፋ ክንዴ ላይ አስቀመጠችና አንሶላውን ልታወርድ እጇን ወደ ገመዱ ዘረጋች።

«ቀጥል» አለችኝ።